ከፎርማ እስከ ሚስማር፦ ባለ 7 ሴንቲሜትር የሴቶች ጫማ ታኮ አነዳደፍና አሠራር

ታኮ መሥራት የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከስዕል ይነሳል። ስልኩ ላይ ያየውን ቅርጽ ወረቀት ላይ ያሰፍራል፤ ከዚያ እንጨት ፈልጎ ወደ ቀረጻ ይገባል። የሚወጣው ታኮ ለብቻው ሲያዩት ያምራል። ጫማው ላይ ሲያስጠጉት ግን እምቢ ይላል። መቀመጫው ክፍተት ያሳያል፣ ጫማው ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ወይም የጫማው አፍንጫ መሬት ይወጋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የታኮን ቁመት፣ ማዕዘንና የመቀመጫ ኩርባ የሚወስነው ፎርማው፣ ማለትም ቆዳው ተወጥሮ ጫማው የሚሠራበት የእግር ቅርጽ ነው። ለነዳፊው የሚቀረው ሌላው ነው፦ ውፍረቱ፣ የጀርባው መስመር፣ የጫፉ ቅርጽ፣ ልባሱ። ለውበት ይህም ይበቃል።

እዚህ የምንሠራው 37 ቁጥር፣ 7 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው፣ ወፍራም፣ ከእንጨት ተቀርጾ ቆዳ የሚለብስ ታኮ ነው። ወፍራሙን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። ቀጭን ታኮ ውስጡ ብረት ይፈልጋል፤ በእጅ ከእንጨት ብቻ ልሥራው የሚል ሰው ደንበኛውን መንገድ ላይ ይጥላል። ወፍራሙን ግን በመርካቶ ሸራ ተራ ያለች አንዲት ትንሽ ወርክሾፕም ልትሠራው ትችላለች። በዚያ ላይ የአዲስ አበባን ኮብልስቶን ያስቡ። ቀጭን ጫፍ ድንጋዮቹ መሃል ይሰነቀራል።

በስም እንግባባ። ተረከዝ የሚያርፍበት የታኮው የላይ ገጽ "መቀመጫ" ነው። ወደ ጣት የሚያየው ገጽ "ፊት"፣ ወደ ኋላ የሚያየው "ጀርባ" ነው። መሬት የሚነካው "ጫፍ"፣ እሱ ላይ የሚለጠፈው ደግሞ "የጫፍ ጎማ" ነው።

ደረጃ 1፦ ፎርማውን ለኩ

ፎርማ ሲቀረጽ ለየትኛው የታኮ ቁመት እንደሆነ ገና ከመነሻው ይወሰናል። ቁመቱ ካልተጻፈበት ራሳችሁ ለኩት። ፎርማውን መስታወት ላይ አስቀምጡና ተረከዙን በቀጫጭን የኮምፔንሳቶ ቁራጮች ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉት። የእግር መዳፍ የሚያርፍበት ሰፊው ክፍል መስታወቱ ላይ በደንብ የሚተኛበት፣ አፍንጫው ደግሞ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ከፍ የሚልበት ቦታ አለ። እዚያ አቁሙ። ከመስታወቱ እስከ ተረከዙ የኋላ ጠርዝ ያለው ርቀት የፎርማው ቁመት ነው።

ለ7 ሴንቲሜትር የተቀረጸ ፎርማ ላይ 9 ሴንቲሜትር ታኮ መትከል አይቻልም። ይቻላል የሚል ካለ ጫማውን ራሱ አድርጎ አይሄድበትም። እግር ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ጣት ይጨናነቃል። 5 ሴንቲሜትር ከተተከለበት ደግሞ አፍንጫው ወደ ሰማይ ያያል።

ደንበኛዋ "10 ሴንቲሜትር ካልሆነ" ካለች መውጫ አለ። ከፊት መዳፉ ሥር 3 ሴንቲሜትር ፕላትፎርም፣ ማለትም ከፍ ማድረጊያ ወፍራም ንጣፍ ይግባ። 10 ሲቀነስ 3፣ 7 ነው። ፎርማው ያው፣ እግሯም የሚሰማው ያው 7 ሴንቲሜትር ነው።

ደረጃ 2፦ የእንጨቱን ቁመት አስሉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የፎርማው ቁመት 70 ሚሊሜትር ነው ማለት እንጨቱን 70 ሚሊሜትር እንቁረጠው ማለት አይደለም።

ከፊት መዳፉ ሥር ሶል አለ፤ 3 ሚሊሜትር ነው እንበል። ሶሉ ታኮው ፊት ላይ የሚያልቅ ከሆነ ታኮው ያንን 3 ሚሊሜትር ማካካስ አለበት፤ 73 ሆነ። የውስጥ ሶሉ ከተረከዝ በኩል በ2 ሚሊሜትር ጠንካራ ካርቶን ከተደገፈ ያ ይቀነሳል፤ 71 ሆነ። የጫፍ ጎማው 6 ሚሊሜትር ከሆነ እሱም ይቀነሳል። ለእንጨቱ የቀረው 65 ሚሊሜትር ነው።

ሶሉ ታኮው መቀመጫ ላይም የሚዘረጋ ከሆነ 3ቱን መደመር አያስፈልግም። ስለዚህ እንጨት ከመቁረጣችሁ በፊት ሶሉ የት እንደሚያልቅ ወስኑ። ልኬቱ ሁሉ የሚወሰደው ከኋላ ጠርዝ መሃል ነው፤ ከፊት በኩል ታኮው አጠር ይላል፣ መቀመጫው ወደ ፊት ያዘቀዝቃልና።

ደረጃ 3፦ የመቀመጫውን ቅርጽ ውሰዱ

ቅርጹን ከባዶ ፎርማ አትውሰዱ። ቆዳው ፎርማው ላይ ተወጥሮ፣ ጠርዙ ወደ ታች ታጥፎ፣ ከተለጠፈና ከደረቀ በኋላ ውሰዱ። የላይኛው ቆዳ፣ ገበሩና የተረከዝ ማጠንከሪያው ሲደራረቡ በየጎኑ ጥቂት ሚሊሜትር ይጨምራሉ። ከባዶ ፎርማ የተወሰደ ልክ ከጫማው ጠቦ ይወጣል፤ ጫማው ታኮው ላይ ከንፈሩን ያንጠለጥላል።

የወረቀት ስኮች በተረከዙ ታችና ጎን ለጥፉ። የታኮው ጠርዝ የሚያርፍበትን መስመር በእርሳስ ዙሩት። የታኮው ፊት የሚያርፍበትንም አስምሩ። 37 ቁጥር ፎርማ ወደ 247 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ የአውሮፓ ቁጥር በ6.67 ሚሊሜትር ይባዛልና። ለዚህ መቀመጫ ከኋላ ጠርዝ ወደ ፊት 6 ሴንቲሜትር ያህል ጥሩ መነሻ ነው። ስኮቹን ላጡና ካርቶን ላይ ለጥፉት። ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት መስሎ ከታያችሁ ካርቶኑን ገልብጡት፤ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ስለዚህ "ግ" እና "ቀ" ብላችሁ ምልክት አድርጉ።

ደረጃ 4፦ በሙሉ ልክ ንደፉ

አሁን ስዕል ይፈቀዳል። ጫማውን በትክክለኛ ቁመቱ አቁማችሁ በጎን ፎቶ አንሱ፤ ወይም ከጀርባው ወረቀት አድርጋችሁ ዙሪያውን ንደፉ። ታኮውን በእውነተኛ ልኩ እዚያው ላይ ሳሉ፤ አንዴ ከጎን፣ አንዴ ከኋላ።

ቀጥሎ ቱምቢ ያስፈልጋል። ግንበኛ የሚጠቀምበት ዓይነት፣ ወይም ክር ላይ የታሰረ ብሎን። ከመቀመጫው መሃል ቀጥ ብሎ ወደ መሬት የሚወርደው መስመር የታኮው ጫፍ ውስጥ ማረፍ አለበት። ጫፉ ከዚህ መስመር በጣም ወደ ፊት ከሄደ ጫማው ወደ ኋላ ይጋደማል። በጣም ወደ ኋላ ከወጣ ደግሞ እግር በተረገጠ ቁጥር ታኮው ይጎተታል፣ ማያያዣው ይላላል። ወደ ውስጥ የገባ ጀርባ ያለው ታኮ ፋሽን በሆነ ቁጥር ይህን መስመር የሚረሱ ብዙ ናቸው።

የጫፉ ስፋት ለአይን ብቻ አይመረጥም። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ስትራመድ ለአፍታ ክብደቷ በሙሉ አንድ ታኮ ላይ ያርፋል። ጫፉ 1 በ1 ሴንቲሜትር ከሆነ 60 ኪሎው በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ነው። 4 በ4 ከሆነ ለእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር 4 ኪሎ እንኳ አይደርሰውም። የእኛ ታኮ 4 በ4 ይሁን።

"ወፍራም ታኮ ያስጠላል" ለምትል ደንበኛም ዘዴ አለ። ጎኖቹን ከኋላ ሲታዩ ወደ ታች በጥቂቱ አጥብቡ፤ ጀርባውን በለስላሳ ኩርባ ወደ ውስጥ አስገቡ። ሰው ጫማን አብዛኛውን ጊዜ ከጎንና ከኋላ ነው የሚያየው። ፊቱ ግን ቀጥ ብሎ ይቅር፤ ጥንካሬው ያለው እዚያ ነው።

ደረጃ 5፦ በርካሽ ዕቃ ሞክሩ

ጠንካራ ፎም ቅረጹ፣ ወይም የካርቶን ንብርብር አጣብቃችሁ ቁረጡ። 3ዲ ፕሪንተር ያላችሁ አትሙት። ለዓይን ሙከራ እጅግ ጥሩ ነው። ለመራመድ ግን አይደለም፤ በተለይ ፒኤልኤ የሚባለው የፕሪንተር ፕላስቲክ በንብርብሮቹ መሃል ድንገት ይሰነጠቃል። ሞዴሉን ጫማው ሥር አቁማችሁ ሁለት ሜትር ራቁና እዩት። ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ የሚታይ ታኮና መሬት ላይ የቆመ ታኮ ለየቅል ናቸው።

ደረጃ 6፦ እንጨት

አውሮፓውያን ቢችና ሜፕል ይመርጡ ነበር። እኛ ዘንድ ዋንዛ ለወፍራም ታኮ ይሆናል፤ ቀላል ነው፣ ለመሮና ለሞረድ ይታዘዛል። ወይራ ጠንካራ ነው፣ ግን እጥፍ ያህል ይከብዳል። የታኮ ክብደት ጠዋት አይሰማም፣ ማታ ግን ይሰማል። የትኛውም ይሁን፣ በደንብ የደረቀ ይሁን። እርጥብ እንጨት ቆዳ ከለበሰ በኋላ ሲደርቅ ይጠብባል፤ ያኔ ቆዳው ይጨማደዳል፣ ሚስማሩም ይላላል።

የእንጨቱ ጭረት፣ ማለትም ዛፉ ያደገበት አቅጣጫ፣ ከመቀመጫ ወደ ጫፍ ቀጥ ብሎ ይውረድ። አግድም ከሆነ ታኮው እንደ ብስኩት በአግድሙ ይከፈላል። ቀጥ ያለው አንድ ችግር አለው፦ ብሎን በጭረቱ አቅጣጫ ሲገባ አጥብቆ አይያዝም። መፍትሔው ይኸው። ከመቀመጫው 25 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ብላችሁ ከጎን ወደ ጎን 10 ሚሊሜትር ቀዳዳ ብሱ። ጠንካራ የእንጨት ዘንግ በሙጫ አስገቡበት። በኋላ ዋናው ብሎን ይህን ዘንግ አቋርጦ ያልፋል፣ እሱን ይነክሳል። ዘንጉ ቆዳው ሥር ስለሚቀር አይታይም።

በመጋዝ ከመስመሩ 2 ሚሊሜትር ያህል አትርፋችሁ ቁረጡ። በሻካራ ሞረድ ቅርጹን አውጡ። ብርጭቆ ወረቀቱ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ደረጃ 7፦ መቀመጫውን በጠመኔ አግጥሙ

ሙያው የሚለየው እዚህ ነው። የጫማው ተረከዝ ታች ጠፍጣፋ አይደለም፤ ወደ ውጭ ጎበጥ ያለ ነው። መቀመጫው ያንን ጉብታ የሚቀበል ጎድጓዳ መሆን አለበት።

የጫማውን ተረከዝ ታች በደንብ ጠመኔ ቀቡት። ታኮውን ቦታው ላይ አስቀምጣችሁ አንዴ ጫን አድርጉ። አታሹት። ስታነሱት እንጨቱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ታያላችሁ። የነካው ያ ቦታ ብቻ ነው ማለት ነው። ነጩን ብቻ በክብ መሮ ወይም በሞረድ ቀለል አድርጋችሁ አንሱ። ብናኙን ጥረጉ። እንደገና ቀቡ፣ እንደገና ጫኑ። መጀመሪያ ነጩ መሃል ላይ ብቻ ይወጣል። እየቆየ ወደ ዳር ይሸሻል። በመጨረሻ ጠርዙን ዙሪያውን የሚከብ ያልተቋረጠ ነጭ ቀለበት ታያላችሁ። የምንፈልገው እሱን ነው።

ጠርዙ ዙሪያውን ከነካ በኋላ መሃሉ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ጎድጉዶ እንዲቀር ተዉት። ማጣበቂያ የሚያድርበት ቦታ ያገኛል፤ ብሎኑ ሲጠብቅም ጠርዙ ይበልጥ ይዘጋል። ተገላቢጦሹ፣ ማለትም መሃል ነክቶ ዳር የተከፈተ ታኮ፣ በማስቲሽ ሞልቼ እሸፍነዋለሁ ቢባልም ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ይንቀጠቀጣል።

ደረጃ 8፦ መንታውን ሥሩ

ሁለተኛው ታኮ ከመጀመሪያው ይከብዳል። አሁን መምሰል አለበትና። የጎኑንና የጀርባውን መስመር በካርቶን ሳጎማ (የልክ ቅርጽ) አውጡና ሁለቱንም በእሱ ፈትሹ። ቁመታቸውን በካሊፐር ለኩ። ግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት ማንም አያየውም፤ 2 ሚሊሜትር ግን ይታወቃል።

ደረጃ 9፦ ቆዳ አልብሱ

ታኮውን በወረቀት ስኮች ጠቅልሉ። ፊቱ መሃል ላይ ከላይ እስከ ታች በምላጭ ሰንጥቃችሁ ላጡትና ካርቶን ላይ ዘርጉት። የቆዳው ሳጎማ ተገኘ። ከላይ 10 ሚሊሜትር፣ ከታች 6 ሚሊሜትር ለማጠፊያ ጨምሩ። ቆዳው 0.7 ሚሊሜትር ያህል እስኪሆን ይሳሳ፤ ወፍራም ቆዳ ጠርዝ ላይ ይከመራል።

ማስቲሹን እንጨቱም ቆዳውም ላይ ቀቡ። በጣት ሲነካ እስከማይጣበቅ ጠብቁ። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ነገ አረፋ ያገኛል። መስኮት ክፈቱ፤ ሽታው ራስ ያዞራል። ከጀርባው መሃል ጀምራችሁ በሁለቱም ጎን እኩል እየወጠራችሁ ወደ ፊት አምጡ። ስፌቱ ወይም ግጥምጥሙ ፊቱ መሃል ላይ ያርፋል፤ እዚያ ማንም አያየውም። የላይኛውን ትርፍ በትንንሽ ቅዶች ከፋፍላችሁ ወደ መቀመጫው እጠፉ። የታጠፈው ቆዳ ጠርዙን ከፍ ስለሚያደርገው በመቀስ አሳሱትና የጠመኔውን ሙከራ አንዴ ድገሙት።

ደረጃ 10፦ የጫፍ ጎማ

ለስላሳ ጎማ ድምፅ አያሰማም፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ቲፒዩ የሚባለው ጎማ መሰል ፕላስቲክ ይጠነክራል፣ ሲራመዱበትም ይሰማል። ለዚህ ስፋት 6 ሚሊሜትር ቲፒዩ እመርጣለሁ። አጣብቁት፣ በሁለት አጭር ሚስማር አጠንክሩት፣ የሚስማሩን ራስ ወደ ውስጥ አስጥሙት። ጎማው የሚቀየር ዕቃ ነው። ከጫማው ጋር ሁለት መለዋወጫ ጨምራችሁ ብትሰጡ ደንበኛዋ ትመለሳለች።

ደረጃ 11፦ ጫማው ላይ ትከሉ

ከታኮው በፊት ሻንኩን አስቡ። ሻንክ በውስጥ ሶሉ ውስጥ ከመዳፉ ኋላ እስከ ተረከዝ የሚሄድ ጠፍጣፋ ብረት ነው። በመዳፍና በታኮ መካከል ያለውን አየር ላይ የተንጠለጠለ ክፍል ተሸክሞ የሚያቆመው እሱ ነው። የኋላ ጫፉ ከታኮው ፊት አልፎ መቀመጫው መሃል ድረስ መግባት አለበት። እዚያ ካልደረሰ የፈለገው ቆንጆ ታኮ ቢተከል ጫማው መሃሉ ላይ ይታጠፋል፣ ታኮውም ወደ ኋላ ይገለበጣል።

ይህ ብረት ከእኛ ታሪክ ጋር ይነካካል። ጣሊያን በ1935 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ስትወር የመንግሥታት ማኅበር ማዕቀብ ጣለባት። ፍሎረንስ ላይ ይሠራ የነበረው ጫማ ሠሪ ሳልቫቶሬ ፌራጋሞ ለሻንክ የሚሆን ጥሩ ብረት አጣ። በመጨረሻ ያንን የተንጠለጠለ ቦታ ከሰርዲኒያ በመጣ ቡሽ ሞላው። ዛሬ ዌጅ የምንለው ከመዳፍ እስከ ተረከዝ ድፍን የሆነ ጫማ በዘመናዊ ፋሽን የገነነው ከዚያ ወዲህ ነው። ጥሩ ሻንክ ላጣ ሰው ዛሬም ይኸው መላ ይሠራል።

ወደ ሥራው። የጫማውን ተረከዝ ታች በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ። ማስቲሽ በሁለቱም ላይ ቀቡ፣ ታኮውን በመስመሩ ላይ አስቀምጡና አጥብቃችሁ ጫኑ። ከኋላ ቆማችሁ እዩት፤ የጫማው የኋላ ስፌትና የታኮው መሃል አንድ መስመር ላይ ይሁኑ። ከዚያ ፎርማውን አውጡ።

አሁን በውስጥ በኩል ትገባላችሁ። የሻንኩን ቀዳዳ ተከትላችሁ በድሪል ቀጭን ቀዳዳ ብሱ። 45 ሚሊሜትር የእንጨት ብሎን አስገቡ፤ ዘንጉን ሲያገኝ እጃችሁ ላይ ይከብዳል፣ ያኔ ልክ ነው። ዙሪያውን ከጠርዙ 1 ሴንቲሜትር ያህል ገባ ብላችሁ ጥርስ ያላቸው አራት ሚስማሮች ምቱ። ለእነሱም ቀጭን ቀዳዳ ቀድሞ ይበሳ፤ አለበለዚያ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ሚስማሮቹ ትንሽ ወደ ታኮው መሃል ያዘንብሉ። ሥራው ሲያልቅ መዳፋችሁን አስገብታችሁ ዳስሱ። ብቅ ያለ የሚስማር ራስ ካለ አስጥሙት። ከዚያ የውስጥ መሸፈኛው ይለጠፋል።

ደረጃ 12፦ ፈትሹ

ጫማውን መስታወት ላይ አቁሙ። መዳፉና የጫፍ ጎማው በአንድ ጊዜ መስታወቱን መንካት አለባቸው። በጣት ስትነኩት መወላወል የለበትም። ከዚያ የፊቱን ክፍል በአንድ እጅ ይዛችሁ ታኮውን በሌላው ወደ ኋላ ሳቡ። ታኮው ፊት ላይ ክፍተት ከተከፈተ ብሎኑ ወይም ሻንኩ አልያዘም። ወደ ጎንም ጠምዝዙት። ደረጃ መውጣትና መውረድ ከሁሉም ሙከራ በላይ ይናገራል፤ በተለይ መውረድ።

ለውጭ ገበያ የሚሠራ ከሆነ ላቦራቶሪ ይጠየቃል። በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) መመዘኛዎች መሠረት፣ ታኮ ከጫማው ጋር ያለው ትስስር በአይኤስኦ 22650፣ የጎን ምት በአይኤስኦ 19953፣ የተደጋጋሚ ምት ድካም በአይኤስኦ 19956 ይለካሉ። ገዢው ውሉ ላይ የትኛውን እንደሚጠይቅ ከመጀመራችሁ በፊት እወቁ።

ወደ ፕላስቲክ ስትሻገሩ

ትዕዛዙ ሲበዛ እንጨት መቅረጽ አያዋጣም። ፋብሪካ የሚሠራው ታኮ አብዛኛውን ጊዜ ኤቢኤስ የሚባል ፕላስቲክ ነው። ግን ከመዝለላችሁ በፊት ሂሳቡን ሥሩ። አንድ ሞልድ፣ ማለትም የቀለጠው ፕላስቲክ ተሞልቶ ቅርጽ የሚይዝበት ዕቃ፣ ለሁሉም ቁጥር አይሆንም። ቁጥር ሲጨምር መቀመጫው ይሰፋል፤ ከ35 እስከ 41 አንድ ታኮ ለሁለት ቁጥር ቢያገለግል እንኳ አራት ልክ ያስፈልጋል፣ ግራና ቀኙን ሳንጨምር። ስለዚህ ለትንሽ ትዕዛዝ ዝግጁ ታኮ ከነፎርማው መግዛት ይሻላል። ታኮውን ከአንድ ቦታ፣ ፎርማውን ከሌላ ቦታ የሚገዛ ግን ከጠመኔው ጋር ብዙ ይቆያል።

ሞልድ ለማዘዝ ከወሰናችሁ ሦስት ነገሮችን ያዙ። ኤቢኤስ ሲቀዘቅዝ ከ0.4 እስከ 0.7 በመቶ ይጠብባል፤ 65 ሚሊሜትሩ እንዳይጎድል ሞልዱ 0.3 ሚሊሜትር ያህል ይተልቅ። ጥሬ ዕቃው እርጥበት ይስባል፤ ከመቅለጡ በፊት በ80 ዲግሪ ለ2 እስከ 4 ሰዓታት ይድረቅ፣ አለበለዚያ ገጹ ላይ የብር መሰል ጭረት ይወጣል። ሦስተኛው ውፍረት ነው። ድፍን ወፍራም ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ጎኑ ይሰረጉዳል፤ ስለዚህ ውስጡ ከመቀመጫው በኩል ባዶ ሆኖ በግድግዳዎች ይከፋፈላል። ብሎኑና ሚስማሮቹ የሚያርፉበት ቦታ ግን ድፍን ይቅር። ሞልድ ሠሪው ይህን ካልተነገረው አያውቀውም፤ የሚስማሮቹን ቦታ በስዕሉ ላይ በክብ ምልክት አድርጋችሁ ስጡት።

ቀጭን ታኮ ከሆነ ውስጡ የብረት ቱቦ ይገባል፤ የጫፍ ጎማው ፒንም እዚያ ቱቦ ቀዳዳ ውስጥ ይመታል። ያለዚህ ብረት የሚወጣ ቀጭን ኤቢኤስ ታኮ አትቀበሉ።

የመጀመሪያዎቹ ቁራጮች ከማሽኑ ሲወጡ ወዲያው አትለኩ። እስከ ማግስቱ ይቀዝቅዙ። ከዚያ ከየልኩ አንድ አንድ ጥንድ ወስዳችሁ፣ ቆዳ የተወጠረባቸው ጫማዎች ላይ በጠመኔ ሞክሩ። ነጩ ቀለበት ካልዞረ ሞልዱ ወደ ሠሪው ይመለስ፤ የቀረው ክፍያም እስኪስተካከል ይቆይ።